ካርቶኑ ላይ ያለው ፍጥነት ብቻውን አያስገዛም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ተንቀሳቃሽ ኤስኤስዲ፣ ማለትም በሚሞሪ ቺፕ ስለሚሠራው የፋይል ማስቀመጫ ድራይቭ፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙ ጥሩ ነገር አለው። «ሃርድ ዲስካችሁን ተዉትና ኤስኤስዲ ግዙ» የሚለው ድምዳሜ ግን አልተዋጠልኝም። ሥራዬ ቪዲዮ ማቀናበር ነው፤ ትልልቅ ፋይል ከወዲያ ወዲህ ሳመላልስ ነው የምውለው። ለዚህ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

ጸሐፊው የተማመኑት ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ በሰከንድ 1050 ሜጋባይት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። የሚገኘው ግን ድራይቩ፣ ኬብሉና የኮምፒውተሩ ፖርት ከተስማሙ ብቻ ነው። ለዚህ ፍጥነት በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ፖርት ያስፈልጋል (ፖርት የሚለካው በቢት ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። ፖርቱ የ5 ጊጋቢት ከሆነ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዩኤስቢ 2.0 ከሆነማ 40 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ወይ ንቅንቅ! ያንን ተራ ሃርድ ዲስክም ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የኬብሉ ነገር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ኤስኤስዲ ይዛ መጣች። «ተሸውጃለሁ፣ ልመልሰው ነው» አለችኝ። ኬብሉን ሳየው የስልኳ ቻርጀር ነው። ጫፉ ታይፕ ሲ ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል። ችግሩ፣ ብዙ የቻርጀር ኬብሎች ዳታ የሚያሳልፉት በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ተጠቅልላ የተቀመጠችውን አጭር ኬብል አውጥተን ሰካን። ያው ድራይቭ፣ ያው ላፕቶፕ፣ ፍጥነቱ ግን ሌላ! በስሌት ሲታይ 200 ጊጋባይት በ40 ሜጋባይት ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በ1000 ቢሄድ አራት ደቂቃ አይሞላም።

«ቢሄድ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ ፋይል ሲገለብጥ የሚያሳየውን አረንጓዴ ግራፍ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ርካሽ ኤስኤስዲ ላይ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ድራይቩ የመጣለትን ዳታ መጀመሪያ የሚቀበለው ፈጣን በሆነው ክፍሉ ነው። ያ ክፍል ሲሞላ በቀጥታ ወደ ዘገምተኛው ይጽፋል። በአንድ ሴል፣ ማለትም ዳታ በምትቀመጥበት ትንሿ የቺፑ ክፍል፣ አራት ቢት የሚያስቀምጡት፣ ኪውኤልሲ የሚባሉት፣ እዚህ ጋ በጣም ይደክማሉ። አንዳንዶቹ ከሃርድ ዲስክም በታች ይወርዳሉ። ድራይቩ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ፈጣኑ ክፍል ራሱ ይጠባል። ሰነድና ጥቂት ፎቶ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ምንም አይደለም። የካሜራ ካርዶቹን ሙሉ በሙሉ ለሚገለብጥ ግን ሁሉ ነገር ነው። ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፤ ጽሑፋችሁም አላነሳውም።

ታዲያ ያዋጣል ወይ? ቀጥታ ከድራይቩ ላይ ለሚያቀናብር ሰው፣ አዎ፣ ያለ ጥርጥር። በቦርሳ ይዞ ለሚዞርም እንዲሁ፤ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ቢወድቅ ከሃርድ ዲስክ የተሻለ ይችላል። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ፣ ፕሮሬስ የሚባለውን ፋይሉ በጣም ትልቅ የሆነ የቪዲዮ ዓይነት በቀጥታ ውጫዊ ድራይቭ ላይ ይቀርጻል፤ ለዚህ ሥራ ፈጣን ኤስኤስዲ የግድ ነው።

የድሮ ፎቶና ያለቀ ሥራ መሳቢያ ውስጥ ለማስቀመጥ ከሆነ ግን አልመክርም። ኤስኤስዲ ውስጥ ያለው ፍላሽ ሚሞሪ ዳታውን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ለዓመታት ሳይሰካ ከተቀመጠ፣ በተለይ ብዙ የተጻፈበትና ሙቀት ቦታ ያለ ከሆነ፣ ቻርጁ ቀስ በቀስ ይሸሻል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ሁለት ቅጂ መያዝ ይሻላል።

«16 ቴራባይት» ተብሎ በማይታመን ርካሽ ዋጋ የሚሸጠውን ሐሰተኛ ድራይቭም ጽሑፋችሁ አለማንሳቱ አሳዝኖኛል። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ነው። ስለ መጠኑ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፋይሉ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን የለም። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ድራይቩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፤ ማጭበርበሩ እዚያው ይወጣል። ባለ 1 ቴራባይቱ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ብሎ ቢታይ ግን አትደንግጡ፤ አምራቹና ዊንዶውስ ጊጋባይትን የሚቆጥሩበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ድራይቭ ስትገመግሙ በትንሽ ፋይል አትሞክሩት። ቢያንስ የድራይቩን ግማሽ የሚሞላ ፋይል በአንድ ጊዜ ገልብጡበት። ፍጥነቱ የት ላይ እንደወረደና ስንት ላይ እንደቆመ ጻፉልን። በየትኛው ፖርትና በየትኛው ኬብል እንደሞከራችሁትም አብራችሁ ንገሩን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የቪዲዮ ኤዲተር