ባቡር የት ሆኜ ልይ ላልከኝ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአያትህ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ግን ፋታ አይሰጥም።

ቪዛህ እንደተመታ መጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ ትጠይቀኛለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን "እማ፣ እዛ አሜሪካ ባቡር የሚታየው የት ነው?" አልከኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያደገ ልጅ ሌላ ምን ይጠይቃል! ድሬዳዋ ራሷ በፈረንጆቹ 1902 ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስልክ ጀምሬልህ ኔትወርኩ ስለቆረጠን በጽሑፍ ላድርገው አልኩ።

ቦታ ስመርጥልህ አስቀድሜ የማየው ማንም መጥቶ "ተነስ ከዚህ" ሊልህ የማይችልበት መሆኑን ነው። እኛ አገር ጣቢያ ፎቶ ስታነሳ ዘበኛ ይጮህብሃል። እዚህ ከእግረኛ መንገድ ወይም ከሕዝብ ፓርክ ላይ ቆመህ ባቡር ብታነሳ ሕጉ ካንተ ጋር ነው። ሐዲዱና ጠጠሩ ግን ባለቤት አለው። በእኛ ሰፈር የሚያልፈው ሲኤስኤክስ የሚባል የግል ኩባንያ ንብረት ነው። እዚያ እግርህን ካሳረፍክ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሐዲድ ሐዲዱን እየሄዱ ቤት መግባት እዚያው ድሬ ይቅር። ፖሊስ ቢጠይቅህ እጅህ ይታይ፣ አትሩጥ፣ "ባቡር እያየሁ ነው" በል። እዚህ አገር ጥቁር ልጅ ነህና ይህን ደጋግሜ ብነግርህ አይሰልችህ።

ለቤታችን የሚቀርበው ዋሽንግተን አጠገብ ያለው የሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ነው። ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር ከመሬት ከፍ ብሎ መሃል ላይ ይቆማል፤ ግራና ቀኙ የሲኤስኤክስ ሐዲድ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ የጭነት ባቡር በጎኔ ሲያልፍ ፉርጎው አያልቅም፤ እኔ በልቤ "ልጄ ቢኖር ይቆጥረው ነበር" እላለሁ። ሜትሮ ሊገባ ሲል የመሳፈሪያው ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ያኔ ወደ ኋላ በል። ከሐዲዱ ጎን 750 ቮልት የተሸከመ ሦስተኛ ሐዲድ አለ፤ ስልክህ እንኳ ቢወድቅ ሠራተኛ ጥራ እንጂ እንዳትወርድ። ማርክ የሚባለው የሠራተኞች ባቡርም እዚያው ይቆማል። በሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ዋሽንግተን ይገባል፣ ማታ ይመለሳል።

በዚያው መስመር ትንሽ ወጣ ሲሉ ኬንሲንግተን አለች። የጣቢያዋ ቤት በ1891 የተሠራ ነው፤ አሁንም ይሠራል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ጣቢያው ግቢ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። ቲማቲሙ ውድ ነው፣ ግን ሽታው ያገር ቤቱን ይመስላል። እኔ ገበያዬን ሳደርግ አንተ የጭነቱን ባቡር ትጠብቃለህ።

ዋናው ቦታ ግን ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ነው፤ አርሊንግተን ያለው ሎንግ ብሪጅ ፓርክ። ከሐዲዱ ከፍ ያለ የእግር መንገድ አለው፤ ባቡሩን ከላይ ሆነህ ነው የምታየው። መግቢያ የለው፣ ትኬት የለው። ፓርኩ ስሙን ያገኘው ፖቶማክን ከሚሻገረው የባቡር ድልድይ ነው። አሁን ያለው ድልድይ በ1904 የተሠራ ሲሆን ያለው ሁለት ሐዲድ ብቻ ነው። ሜትሮ የራሱ ድልድይ አለው። የቀረው ግን፣ የአምትራክ መንገደኛ ባቡር በለው፣ የቨርጂኒያ ሠራተኞች ባቡር በለው፣ ጭነቱም ሳይቀር በዚሁ ይሻገራል። ስለዚህ ብዙ አትጠብቅም። ሰው እንደሚለው ከሆነ ሲጨናነቅ ወረፋ ይዘው ይቆማሉ፤ አሁን ሁለት ሐዲድ የሚጨምር ሌላ ድልድይ አጠገቡ እየተሠራ ነው።

እዚያ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ተደርቦ ሲያልፍ ታያለህ። ዋሽንግተን ውስጥ የቨርጂኒያ አቬኑ ዋሻ የሚባል አለ፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለነበር ድርብ ጭነት አያሳልፍም ነበር። እንደገና ተሠርቶ ድርብ ጭነት ማሳለፍ የጀመረው በ2016 መጨረሻ ነው። በራስህ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ወደ ሬገን ኤርፖርት ይወርዳል። አጎትህ ታክሲ ሲነዳ ተሳፋሪ እስኪያገኝ እዚያ አረፍ ይላል፤ ቦታውን ያሳየኝም እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቅሃል። በዚህ ድልድይ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። ከቦስተን በኒውዮርክ አድርጎ የሚመጣው መስመር ዋሽንግተን ላይ ሽቦው ያበቃል። ወደ ደቡብ የሚቀጥል ባቡር አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ተፈትቶ ናፍጣው ይቀጠልለታል። የኛ የጅቡቲው ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ ነው ብለህ እዚህ ልጆች ላይ ብትኮራ መብትህ ነው።

ሽቦ ያለውንና የሚበረውን ለማየት ቦዊ የሚባል ጣቢያ እንሄዳለን። ወደዚያ የሚሄደው ሌላው የማርክ መስመር፣ ፔን የሚባለው፣ እንደኛ ሰፈሩ ሳይሆን ቅዳሜና እሑድም ስለሚሠራ ለኔ ይመቻል። አሴላ የሚባለው ፈጣን ባቡር በዚያ በኩል በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ያልፋል፤ ቦዊ ላይ አይቆምም። ከቢጫው መስመር ኋላ ነው የምትቆመው፤ በዚህ ድርድር የለም። በድሮው ቦዊ ሐዲዱ ዳር ትንሽ የባቡር ሙዚየም አለ፤ እሱ መኪና ስለሚፈልግ ለአጎትህ እንተወው።

ሰው ሁሉ ዩኒየን ስቴሽን ይልሃል። ሕንፃው ያምራል፣ ጣሪያውን አይተህ አትጠግብም። ግን እንደ ፓርኩ ቆመህ ባቡሩን እንደ ልብህ ለማየት አይመችም። ለሽርሽር እንጂ ላንተ ነገር አይሆንም።

ጥቅምት ላይ ከመጣህ ብርድ ይጀምራል፤ ወፍራም ጃኬት ከዚያ አትግዛ፣ እዚህ አለ። በርበሬውንና ሽሮውን ግን አያትህ እንዳትረሳ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ደለስ በሚባለው የዋሽንግተን ኤርፖርት ነው። ሻንጣውን ለአጎትህ መኪና ጭነን እኔና አንተ በሜትሮ እንመጣለን፤ ከ2022 ጀምሮ የሜትሮው የብር ቀለም መስመር እስከ ኤርፖርቱ ድረስ ይመጣል። ሜትሮ ሴንተር የሚባለው ጣቢያ ላይ ወርደን ቀዩን መስመር እንይዛለን። አጎትህ ቀድሞን ይደርሳል፤ ይድረስ። የበረራ ቁጥሩን እንደቆረጡልህ ላክልኝ፣ ፈቃድ ልጠይቅ።

እናትህ
ከሲልቨር ስፕሪንግ