ታካሚውም ይጠየቅ

ለአዘጋጁ፦

በብዙ ሆስፒታሎች ካርድ ክፍል አጠገብ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ተሰቅሏል። ብዙ ጊዜ ቁልፉ የዛገ ነው፤ ወረቀትም እስክሪብቶም የለም። መጻፍ የማይችሉ እናትስ ምን ያድርጉ?

በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ይዞ ተነሳ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ግን ታካሚው ካልተጠየቀ መከበሩን ማን ይመሰክራል?

ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድር አስታማሚ ብዙ ነገር ያያል። መድኃኒቱ ስንት ሰዓት እንደዘገየ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ መቼ እንዳጣ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ የት እንደጠፋ ያውቃል። ሆስፒታሎች በየወሩ ታካሚና አስታማሚን ከነርሶች ጋር አስቀምጠው ያወያዩ። የተነሳው ቅሬታና የተስተካከለው ነገር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ማንም ሰው "ከተናገርኩ ሐኪሙ ይቀየመኛል" ብሎ ዝም ማለት የለበትም።

አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ