ቅዳሜ ማታ የስሪዲ ፎቶ እናነሳለን

ሰላም ወዳጆች፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሴከንድ ላይፍ (ኢንተርኔት ላይ ያለው ምናባዊ ዓለም) ውስጥ ተገናኝተን የስሪዲ ፎቶ፣ ማለትም ጥልቀት ያለው ሆኖ የሚታይ ፎቶ (3D) እናነሳለን። የቦታውን ሊንክ ጠዋት እዚሁ እለቃለሁ።

አንዱን ትዕይንት ሁለቴ ነው የምናነሳው። መጀመሪያ ለግራ ዓይን፣ ከዚያ ካሜራውን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አድርገን ለቀኝ ዓይን። ካሜራው ይንሸራተት እንጂ አይዙር። የምንገፋው ለእኛ በጣም የሚቀርበው ነገር ያለበትን ርቀት 1/30 ያህል ነው፤ ዛፉ 3 ሜትር ላይ ከሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ባለፈው በሁለቱ ፎቶ መሃል የእኔ አቫታር (እዚያ ውስጥ እኔን የሚወክለው ምስል) እጁን አንቀሳቅሶ ጥሩ ጥንድ ተበላሸብን፤ በጣም ነው የቆጨኝ። እባካችሁ ስናነሳ ማንም አይነቃነቅ። ጥላው እንዳይቀያየር የሴከንድ ላይፏን ፀሐይም እኩለ ቀን ላይ አቁሟት።

የስሪዲ ፎቶ ማያ ቀይና ሰማያዊ መነጽር ያላችሁ ያዙ። የሌላችሁም አትቅሩ፣ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ ዓይን አጣምሮ ማየቱን አብረን እንለማመዳለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» በሉኝ።