ላንጋኖ ከመሄድህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ብርዱ በርትቷል። ጠዋት ስነሳ ግቢው ሣር ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። አባትህ ጋቢውን ሳይደርብ ደጅ አይወጣም።

ልጅቷን «አግቢኝ» ብለህ ልትጠይቃት እንደሆነ በስልክ የነገርከኝን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። በመጀመሪያ ልቤ ሙሉ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ። ለፋሲካ ስትመጡ አያትህ ጥጥ ስትፈትል አይታ እንዝርቱን ተቀበለቻት። ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራት። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ይመልስ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ቡና እስኪፈላ ድረስ ታገለች፤ መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር የሚሆን ቀጭን ክር አወጣች። አያትህ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

እቅድህ ውስጥ ግን ያልተዋጠልኝ ነገር አለ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር፣ ጓደኞችህ ተደብቀው፣ ፊኛው፣ ቪዲዮ አንሺው ከነድሮኑ፣ አንተ አሸዋው ላይ ተንበርክከህ፣ ለመዝናናት የመጣ የማታውቁት ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ። ሰርፕራይዝ ነው አልከኝ።

ልጄ፣ እኔ ስዳር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ ጓዳ ነበርኩ። የማየው ከመጋረጃው ሥር ጫማቸውን ብቻ ነው፤ የአንደኛው ጫማ ጭቃ ይዟል። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። አባቴ «ከዘመድ ልማከር» ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። ከአጎቶቼ ተማከረ፣ ከአክስቶቼ ተማከረ። እኔ ጋ የመጣ የለም። አባትህ ደግ ሰው ሆኖ አገኘሁት፣ ፈጣሪ ይመስገን። ብዙ ጓደኞቼ ግን እንዲህ አልቀናቸውም።

ስለዚህ አንተ «እጠይቃታለሁ» ስትለኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርህም። ብቻ ስትጠይቃት ያሰበችውን መናገር የምትችልበት ቦታ ላይ ይሁን። ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ሆኖ፣ ከ«እሺ» ሌላ ምን ልትል ትችላለች? በእኔ ጊዜ የሽማግሌው ይሉኝታ ነበር አፍ የሚያስይዘው። አሁን ደግሞ ስልኩ እንዳይሆን እፈራለሁ።

«ትወደኛለች እኮ እማ» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ትወድሃለች። ግን ምናልባት «እሺ፣ ግን ማስተርሴን ልጨርስ» ማለት ትፈልግ ይሆናል። «እሺ፣ ግን እናቴን ብቻዋን ጥዬ ሩቅ አልሄድም» ትል ይሆናል። ያቺ «ግን» ሕዝብ ፊት አትወጣም። ሳትወጣ ከቀረች ደግሞ ከሠርጉ በኋላ ቤታችሁ ውስጥ ትወጣለች።

ላንጋኖን አትተወው። ጥሩ ቦታ ነው። አባትህ በሐዋሳ መስመር ሲሠራ አብሬው ብዙ ወርጃለሁ፤ ስለዚህ ስማኝ። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ሙዚቃውም ያደነቁራል። ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ አሸዋው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከሥራ ቀን አንዱን ፈቃድ ወስደህ ሂድ። የአስፋልቱ መንገድ የሚያልፈው በሐይቁ ምዕራብ በኩል ነው፤ እዚያ ካረፋችሁ ፀሐይ ከውሃው ማዶ ስትወጣ ታያላችሁ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ዳርቻው ላይም እምብዛም ሰው የለም። ያኔ ጠይቃት። የውሃው ቀለም ቡናማ ስለሆነ ቆሻሻ እንዳይመስላት ቀድመህ ንገራት፤ ተፈጥሮው ነው። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው በነፃነት ይዋኝበታል። ድሮኑን ተወው፤ ያለ ፈቃድ ማብረር ጣጣ ያመጣል። ፎቶ ከፈለጋችሁ እሺ ካለች በኋላ አንድ ጓደኛህ ቁርስ ላይ መጥቶ ያንሳችሁ። ቀለበቱን ደግሞ እስክትመልስልህ ከሳጥኑ አታውጣው። አሸዋ ውስጥ የወደቀ ቀለበት አይገኝም።

ሌላው ያሳሰበኝ፣ «አባቷ እምቢ ካሉ እዚያው ሐይቁ ዳር በጓደኞቻችን ፊት እንጋባና ማዘጋጃ ሄደን እንፈራረማለን» ያልከው ነው። ሕጉ አይከለክላችሁም። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት የሞላቸው በፈቃዳቸው እንዲጋቡ ይፈቅዳል። የወላጅ ፊርማ አያስፈልግም፤ በየወገናችሁ ሁለት ሁለት ምስክር ይበቃል። ግን አስበው። አንተን «ጎበዝ፣ ቆራጥ» ይሉሃል። እሷን በመንዝ መንደር ውስጥ «ኮበለለች» ይሏታል። እናቷ ውሃ ስትቀዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም የምትሰማው ይህንን ነው። ለአንተ አንድ ቀን የሆነው ነገር ለእነሱ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ደግሞ አባቷ ገና ሳይጠየቁ እምቢ አሉ ማለት ምን የሚሉት ነው?

ከሁሉ በፊት ግን ዘር ይቆጠር። የአባትህ እናት መንዝ ናቸው፤ የእሷም ቤተሰብ እዚያው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። እስከ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ቀለበት ገዝቶ መሄድ አይሆንም። የአያቶቿን ስም በጨዋታ መሐል ጠይቃትና ላክልኝ፤ በእናቷም በአባቷም በኩል። አያትህ ቁጭ ብላ ትቆጥረዋለች፤ የእኛን እስከ ዘጠኝ ታውቃለች።

ሽማግሌዎቹን ለእኔና ለአባትህ ተውልን። ሦስት ይበቃሉ። አጎትህን አስቤያለሁ፤ ንግግር ያውቃል፣ አይቸኩልም። የንስሐ አባታችንም እሺ ይላሉ። ሦስተኛውን የመንዝ ሰው ብናደርገው ይሻላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተን በጣርማ በር በኩል ይወጣሉ። በመጀመሪያው ቀን መልስ እንዳትጠብቅ። «ከዘመድ እንማከር» ብለው ቀጠሮ ይሰጣሉ፤ ወጉ ነው፣ እምቢታ አይደለም። እነሱ ሲማከሩ ልጅቷ ቀድማ ያለችውን እናቷ ጆሮ ላይ ብታደርሰው መልሱ ይፈጥናል።

ሠርጉን በጾም ማሰብ የለም። ከጥምቀት በኋላ ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። ለጥር ከሆነ ጌሾውም በርበሬውም ከአሁኑ መገዛት አለበት፤ ስለዚህ አታዘግየኝ።

እሺ ካለችህ ፎቶውን የትም ከመለጠፍህ በፊት ደውልልኝ። አባቷ ከሰው ስልክ ላይ እንዳያዩት። «ቆይ» ካለችህም ደውል፤ ሁለታችሁም ለእሁድ ወደዚህ ኑ፣ ዶሮ እሠራለሁ። የአያቶቿን ስም እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ።

እናትህ
ደብረ ብርሃን