ኪኒኔን ያስጣለኝ ጾሙ አይደለም፣ እኔው ነኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ ስለ ጭንቀትና ስለ ደም ግፊት ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው። ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ በደንብ ተኙ ይላል። ግን ከላይ እስከ ታች ብፈልግ ስለ እምነት አንዲት መስመር የለችበትም። እንደኔ በስመ አብ ሳይል ቁልፍ ለማያዞር ሰው ይሄ ጎደሎ ነው። ስለዚህ የራሴን ልጻፍ አልኩ።

ከፒያሳ ሽሮ ሜዳ ሚኒባስ እነዳለሁ። በሹፌርነት ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለሹፌር ስለ ጭንቀት አይነገረውም። ሌሊት አሥር ሰዓት ነዳጅ ሰልፍ ይዤ አንዳንዴ ረፋድ ላይ ነው የሚደርሰኝ፣ ያኔ ደግሞ የመኪናው ባለቤት የቀን ገቢውን ስልክ ደውሎ ይጠይቀኛል፣ መሃል ላይ ትራፊክ ያስቆመኛል፣ ረዳቴ ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ይጣላል። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ የበሩን ድምፅ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ይሄ ነበር ከሁሉም የሚያመኝ።

ግፊት አለብህ የተባልኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሁለት ዓይነት ኪኒን ሰጡኝ። አንደኛዋ የምታሸና ናት። ለሹፌር የምታሸና ኪኒን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል፣ ስድስት ኪሎ መብራት ላይ ተይዞ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው! እና እውነቱን ልናገር፣ እሷን ለመተው ሰበብ ስፈልግ ነበር። ሰበቡን ሁዳዴ ሰጠኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ኪኒኑ የሚወሰደው ጠዋት ነው። ጠዋት በውኃ ብውጠው ጾሜ ይፈርሳል ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። የንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም። ሐኪሙንም አልጠየቅኩም። እግዚአብሔር ያውቅልኛል አልኩና ሁለቱንም ተውኳቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልሆንኩም፣ እንዲያውም ቀለል አለኝ፣ ጾሙ ፈወሰኝ ብዬ ለረዳቴ ሰበክሁለት። በሦስተኛው ሳምንት ነዳጅ ሰልፍ ላይ እያለሁ ማጅራቴን አንድ ነገር ጨመደደኝ። ከዚያ አፍንጫዬ ደማ። የፊት መስታወቱን ሳየው ሁለት ሆኖ ታየኝ። ረዳቴ ደግፎ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ለካችኝ፣ 190 በ115። ድጋሚ ለካችኝ። «ጋሼ፣ በእግርዎ ነው የመጡት?» አለችኝ።

የንስሐ አባቴ ሲሰሙ ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተቆጡኝ። «ልጄ፣ ጹም ያልኩህ እኔ፣ መድኃኒት ተው ያለህ ማነው?» አሉ። ሐኪሙ ኪኒኖቹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምታቆዩበት መንገድ አለ አለና የመውሰጃ ሰዓቱን ለወጠልኝ። በቃ። ይህን ለማወቅ ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እርግጥ ይሄ የሠራው እኔ ለምወስዳቸው ኪኒኖች ነው። ጎረቤቴ ኢንሱሊን ትወጋለች፣ የሷ ነገር ሌላ ነው፣ የኔን አይታ እንዳትሞክረው እሰጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የታመመን ሰው ጹመህ ሙት አትልም፣ ንስሐ አባት የተሰጠን ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ጸሎቱ ልምጣ። ልጄ ነርሲንግ ትማራለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያን አገር የተሠራ አንድ ጥናት አነበበችልኝ። 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ ወረደ፣ የልብና የደም ግፊት መቆጣጠሪያቸውም ተሻሻለ ይላል። በዮጋ እየተደጋገመ በሚባለው ቃልም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ይሄን ደብቄ ባልፍ ደስ ባለኝ ግን ውሸት አልወድም። እኔ መቁጠሪያ አለኝ፣ ባለ 41። ማታ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ልጄ ስልኳን ይዛ ቆጠረች። ዝም ብዬ ስቀመጥ በደቂቃ 18 ጊዜ እተነፍሳለሁ። ኪርያላይሶን እያልኩ፣ አንዱን ዶቃ ሳልጨርስ ሌላውን ሳልነካ፣ ስቀጥል ወደ ስምንት ወረደ። ሃያኛው ዶቃ ላይ ትከሻዬ እንደተሰቀለ የነበረ መሆኑን ያወቅኩት ሲወርድ ነው። አርባ አንድ ጊዜ በሉ ያሉን አባቶች ስለ ደም ሥር እያሰቡ አልነበረም። ምሕረት እየለመኑ ነው። ግን ሥጋም በዚያው ድርሻውን ያገኛል።

ስግደቱም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ወገብ ማታ ሃያ ስግደት ቀላል ነገር አይደለም። ትንሣኤ ሲመጣ ግን በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም፣ ዶሮውና ክትፎው ግን አለ። ልብሴ የሚጠበኝ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ነው።

ታዲያ ጸሎት ኪኒን ነው ማለቴ አይደለም። እንደ ኪኒን ሊለኩት የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ነው፣ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች ተካተዋል፣ ለከፊሎቹ የማያውቋቸው ሰዎች ጸለዩላቸው። ለውጥ አላመጣም። እንዲያውም እየተጸለየላችሁ ነው ተብሎ በእርግጠኝነት ከተነገራቸው ከመቶ 59ኙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር ገጠማቸው፣ ሳያውቁ ከተጸለየላቸው ግን 52ቱ። ልጄ ይሄን ስታነብልኝ ፊቴን እያየች ነበር። አልከፋኝም። እኔ ስጸልይ ከእግዚአብሔር ጋር ውል እየተፈራረምኩ አይደለም። ጥላ ሥር እየገባሁ ነው።

የበለጠ ያመንኩት ሌላውን ነው። እዚያው አሜሪካ ከ74 ሺህ በላይ ሴት ነርሶችን ለ16 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት ከአንዴ በላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ በእነዚያ ዓመታት የመሞታቸው ዕድል በ33 በመቶ ያነሰ ነበር። ለምን? ሲጋራ ስለማያጨሱ፣ ድባቴ ስለሚቀንስላቸው፣ ሰው ስላላቸው ይላሉ። ሰው ስላላቸው የምትለዋን እኔ በሰንበቴ አውቃታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቦታዬ ባዶ ከሆነ ሦስት ሰው ይደውላል። ባለፈው የደወለው «የት ጠፋህ? ኪኒንህን ትተህ ደግሞ ወደቅህ እንዴ?» ነው ያለኝ። ስድብ ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ጠበልም ሳላነሳ አላልፍም፣ መስመሬ ነውና። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቢጫ ጀሪካናቸውን ታቅፈው ሽሮ ሜዳ ላይ ይሳፈሩኛል። አንዳንዷ ጠበል ጀምሬያለሁ፣ መድኃኒት አቁሜያለሁ ስትል እሰማለሁ። ያን ጊዜ መሪውን ይዤ ወደ ኋላ እዞራለሁ (መዞር እንደሌለብኝ አውቃለሁ)። እኮ አቡነ ጳውሎስ ነፍሳቸውን ይማርና በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ ተናግረዋል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት አይደለም፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይጣሉም ብለዋል። ፓትርያርኩ ካሉት በላይ ማን ይበልጣል?

አንድ ነገር ግን ቅር ብሎኛል። ስሙን አልጠራም፣ አንድ ጉባኤ ላይ ሰባኪው ጭንቀት የእምነት ማነስ ነው አለን። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት አንገቷን ደፋች። በዚያው ዓመት ባሏን የቀበረች ናት። እንግዲህ ተጨንቃ መጣች፣ ተጨንቃና አፍራ ሄደች። ነቢዩ ኤልያስስ? እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው በክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ነፍሴን ውሰዳት አለ። መልአኩ መጥቶ እምነትህ አነሰ አላለውም። ተነሥተህ ብላ ነው ያለው። እንጎቻና ውኃ አጠገቡ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛም ቀሰቀሰውና አበላው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ብላ ካልን ዘንድ፣ ስለ ጾም ምግብ ትንሽ ልበል። የጾም ነው ማለት ጤና ነው ማለት አይደለም። ሽሮው ላይ ጨው በማንኪያ፣ ሳምቡሳው ዘይት ጠጥቶ፣ ፓስቲው ከሻይ ጋር፣ ሻዩ ደግሞ አራት ስኳር። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ጨው ከ5 ግራም አይለፍ ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ናት፣ እኛ ቤት ያቺ ምሳ ላይ ታልቃለች። ባለቤቴ አሁን ጎመኑን በጨው ፋንታ ጨው ባልገባበት ሚጥሚጣና በሎሚ ትሠራልኛለች። መጀመሪያ አኩርፌ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አንድ ካህንና አንድ ሐኪም አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲጽፉ አድርጉ። የግፊት፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ ኪኒን የሚወስድ ሰው እንዴት ይጹም፣ ማን ጭራሽ መጾም የለበትም፣ ጡት የምታጠባስ? ገጹን ቆርጬ ከመሪው በላይ እለጥፈዋለሁ። በቀን ስንት ሰው እንደሚሳፈርልኝ ረዳቴን ጠይቁት።

አክባሪያችሁ
የሚኒባስ ሹፌር፣ ከአዲስ አበባ