ካሮቱን አምጥቻለሁ

እህት ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ እንዲህ ብዬ መጀመር እንኳን ይከብደኛል። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ ተሻላቸው? ትንሹ ወንድምሽ አሁን ጎረምሳ ሆኗል መሰለኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ የምሠራውም ማታ ማታ ነው።

ባለፈው እሁድ ፎቶ ፍለጋ አሮጌ ስልኬን ከሻንጣ ሥር አውጥቼ ቻርጅ አደረግሁት። አብረን የምንጫወተው ጨዋታ፣ ማይንክራፍት፣ አልጠፋም። ዓለማችንም አለች። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጀመርናት፣ ወንዝ ዳር ያለችው ዓለማችን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኳት።

እርሻሽ ጫፍ ላይ ነው ቆሜ የነቃሁት። ስንዴው ደርሶ፣ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ማንም ካልገባ ጊዜም አይሄድ፤ አዝመራው አይረግፍ፣ ዳቦው አይሻግት። ሳጥንሽን ከፈትኩት። 41 ዳቦ አለ። የተጠበሰ ድንች አለ። ከሳጥኑ በላይ ያለው ሰሌዳ አሁንም «ስትርቢ ውሰጂ» ይላል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ የመጨረሻ መልእክትሽን ፈልጌ አነበብኩት። «መንደር ካገኘሽ አንድ ካሮት አምጪልኝ፤ አንድ ብቻ ይበቃኛል» ነው የሚለው። መልስ አልሰጠሁሽም። ያኔ የጉዞ ሩጫ ላይ ነበርኩ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ካሮት አግኝቼ ነበር። ከተራራው ማዶ ካለው መንደር ስድስት ካሮት ነቅዬ፣ መንገድ ላይ ርቦኝ ስድስቱንም በላኋቸው። ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ሣር ሲነቀል የሚወጣው የስንዴ ዘር ነው፤ ካሮት ከሣር አይገኝም። አንድ ካሮት ከሌለሽ መቼም አትተክይም። አንዷ ካለች ግን እሷን ተክለሽ፣ የወጣውን መልሰሽ እየተከልሽ፣ መስክ ትሞያለሽ። አንድ ይበቃኛል ያልሽው ለዚህ ነበር። አሁን ነው የገባኝ።

እንዴት እንደገባኝ ልንገርሽ። የአክስቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከክፍሉ ልጆች ጋር የሚጫወትባት ትንሽ ሰርቨር፣ ማለት የጋራ የጨዋታ ዓለም፣ አለችው። ክረምት ላይ «አንቺም ግቢ» አለኝ። ልጆቹ ሁሉ አልማዝ ቆፋሪ ናቸው፤ ምግብ የሚያስብ የለም። ጠዋት ላይ ሁሉም ርሃብተኛ ነው። የርሃብ መስመሩ ላይ ካሉት አሥር ምልክቶች (አንዱ ሁለት ነጥብ ነው) ሦስቱ ብቻ ሲቀሩ መሮጥ ያቆማሉ፣ ዞምቢ ይደርስባቸዋል፣ ይሞታሉ፣ ይጯጯሃሉ። እኔም መግቢያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፈትኩ።

መጀመሪያ የጥንቸል ወጥ ነበር የሠራሁት። የተጠበሰ ጥንቸል፣ ካሮት፣ የተጠበሰ ድንች፣ እንጉዳይ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን። አንዱ ሳህን አሥር ነጥብ ያጠግባል፤ ከስቴክ፣ ከተጠበሰው የላም ሥጋ እንኳን ይበልጣል። (በርበሬም ሽንኩርትም የሌለበት ዓለም ነው። ወጥ ይሉታል እንጂ፣ እኔና አንቺ የምናውቀው ወጥ አይደለም።) አንድም ሰው አልገዛኝም። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። በኋላ አንዷ ልጅ ነገረችኝ፤ ወጡ አይደራረብም። አንዱ ሳህን አንድ ቦታ ይይዛል፣ ከረጢቱ ደግሞ ያለው 36 ቦታ ብቻ ነው። ዋሻ የሚወርድ ሰው ያን ቦታ ለድንጋይና ለብረት ነው የሚፈልገው። ዳቦ ግን 64ቱ አንድ ቦታ ላይ ይቀመጣል። አንቺ ይህን ከመጀመሪያ ታውቂ ነበር። ለእኔ ሁልጊዜ ዳቦና ድንች ነበር የምታስቀምጪልኝ። ሌላ መሥራት የማትችዪ ይመስለኝ ነበር። ይቅር በይኝ።

ከዚያ ወዲህ እንደ መንገደኛው ነው የማበስለው። ገና ለጀመረ ዳቦ፤ 16ቱን በአንድ ብረት። ለዋሻ ሰው ስቴክ። ኔዘር ወደሚባለው የእሳት ዓለም ለሚሄዱት ደግሞ የወርቅ ካሮት። የወርቅ ካሮት ስድስት ነጥብ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ግን መስመሩ ላይ የማይታይ ጥጋብ አለው፣ ከስቴክም ከዳቦም በላይ ይቆያል። ለአንዱ ስምንት የወርቅ ፍንጣሪ ያስፈልጋል፤ ዘጠኝ ፍንጣሪ አንድ ጥፍጥፍ ነው። ስለዚህ 16 ለመሥራት ከ14 ጥፍጥፍ ወርቅ በላይ ይሄዳል። በአንድ አልማዝ ስሸጠው ልጆቹ ተወደደ ይላሉ። ወጪውን ቁጭ ብዬ ሳስረዳቸው ግን ይገዙኛል።

ሥጋውን ድሮ እንደምናደርገው በተራው ምድጃ ሳበስል አንዱ አሥር ሰከንድ ይፈጃል። 64 ሥጋ ማለት ከአሥር ደቂቃ በላይ ነው፤ የጨዋታው አንድ ቀን ከነሌሊቱ ሃያ ደቂቃ መሆኑን አትርሺ። አሁን ስሞከር የሚሉትን የምግብ ብቻ ምድጃ ሠርቻለሁ፣ በግማሹ ጊዜ ያደርስልኛል። ከሰሉ ያው ነው፤ አንዱ ከሰል ስምንት ያበስላል። ከሰል ባለቀብኝ ቀን ካምፕፋየር በሚሉት የእንጨት እሳት ላይ አራት አራት እያደረግሁ እጠብሳለሁ። እሱ ማገዶ አይፈልግም፤ ግን ሠላሳ ሰከንድ ያስጠብቅሻል። አንቺ እኮ ይህን ሁሉ በአንድ ምድጃ ነበር የምትሠሪው። እኔ ከዋሻ ስመለስ ሳጥኑ ሙሉ ነበር። እንዴት ሞላ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።

የመንደሩን ገበሬ ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ከእሱ ጋር ስትከራከሪ የምትውዪው? 20 ስንዴ ወስዶ አንድ ኤመራልድ፣ የመንደርተኞቹን መገበያያ አረንጓዴ ዕንቁ፣ ይሰጣል፤ በአንድ ኤመራልድ ስድስት ዳቦ ይሸጣል። ስድስት ዳቦ ማለት 18 ስንዴ ነው። ሰውዬው የሚያተርፈው ሁለት ስንዴ ብቻ! ይህን ወረቀት ላይ ስደርስበት አንቺን መጥራት አማረኝ። ድንች ይሻላል። ለአንድ ኤመራልድ 26 ይጠይቃል፤ ግን አንዱ የድንች ተክል ከአንድ በላይ ይሰጥሻል፣ ስንዴ ግን አንዱ ተክል ያው አንድ ነው። ስንዴውን ለዳቦና ለላሞቹ ተይው። ላም ስታራቢ ሁለቱን ወላጆች እንዳታርጂ፤ ጥጃዋ እስክታድግ ሃያ ደቂቃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልቤን ነክቶኛል። ዞምቢ የሆነን መንደርተኛ የድካም መድኃኒት ረጭተሽ የወርቅ ፖም ብታበይው፣ ጥቂት ደቂቃ ተንቀጥቅጦ ይድናል። ከዚያ በኋላ ለአንቺ ዋጋ ይቀንስልሻል። ያዳነውን ሰው ያስታውሳል። ይህን ባየሁ ቀን ሱቄን ዘግቼ ወጣሁ።

ሰበብ እየፈለግሁ አይደለም። ዓለሟ ያለችው በእኔ ስልክ ላይ ነው። እኔ ካልከፈትኳት አንቺ መግባት አትችዪም። እኔ ስጠፋ እርሻሽም፣ ምድጃሽም፣ ላሞችሽም አብረው ጠፉብሽ። የጓሮሽን በር ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ አገር ጥዬ መሄዴ ነው። አንቺም አንድ ቀን «ክፈቺልኝ» አላልሽኝም። አታስቸግሪኝም፤ ታውቂያለሽ፣ ይህ ነው ከሁሉም በላይ የሚያመኝ። በዚያ ላይ እርሻሽ ላይ እየዘለልኩ አፈሩን ስንት ጊዜ እንዳበላሸሁብሽ። አንቺ ዝም ብለሽ መልሰሽ ትቆፍሪው ነበር።

አሁን ስልኩን አድሼዋለሁ። ጨዋታውንም አፕዴት አድርጌዋለሁ። ያንቺም መታደስ አለበት፤ ቨርዥኑ ካልተመሳሰለ አያስገባም። ቅዳሜ ለእኔ ጠዋት፣ ለአንቺ አመሻሽ ላይ፣ ዓለሟን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ። መብራት ወይም ኔትወርክ እምቢ ቢልሽ በሚቀጥለውም ቅዳሜ እከፍታለሁ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። መጫወት ትተሽው ከሆነም ችግር የለም። ደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ልስማው።

ትናንት ሌሊት ከሥራ እንደገባሁ ተራራውን ተሻግሬ ያ መንደር ድረስ ሄድኩ። የበላሁት ከሳጥንሽ የወሰድኩትን ሦስት ዳቦ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ካሮት ይዤ ተመለስኩ። አልተከልኩትም፣ መሬቱ ያንቺ ነው። ከዳቦው ጎን አስቀምጬልሻለሁ።

ናፋቂሽ