ከሃንድአውቱ በፊት ሽንኩርቱ

ውድ አዘጋጅ፣

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ በቴክኒሻንነት ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። አላስተምርም። ስላይድ አጥባለሁ፣ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ የተቃጠለ አምፖል እቀይራለሁ። ተማሪዎቹ ግን ነጭ ጋወን ስለምለብስ «ቲቸር» ይሉኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፍሬሽማን ባዮሎጂ፣ በተለይ ስለ ሴልና ስለ ጄኔቲክስ ምዕራፎች ነው።

የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሲመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ኋላ ኢንጂነሪንግም ይግባ ሜዲስን፣ መጀመሪያ ጄኔራል ባዮሎጂ ይወስዳል። እንግዲህ ሁሉም በእኔ በር ያልፋል ማለት ነው ብዬ ነበር። ያልፋል፣ አልዋሽም። ግን የሚመጣው መቼ ነው? ሌክቸሩ ካለቀ፣ ሚድ ከተፈተነ፣ ሃንድአውቱ (ለተማሪው የሚታደለው የትምህርቱ ጽሑፍ) ከዳር እስከ ዳር ከተቸከለ በኋላ። ሴሚስተሩ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ከሰዓት ላብ (ላብራቶሪ) ይገባል። ያኔ ማይክሮስኮፑን የሚያይ የለም። ሥዕሉን ከሃንድአውቱ ላይ ገልብጦ፣ በእርሳስ አጥቁሮ፣ ፈርሞ ይወጣል። ያላየውን ሣለ ማለት ነው።

ላቡ ይቅደም። የምለው ይኼንኑ ነው።

አምና የሆነውን ላጫውታችሁ። የሽንኩርት ሥር ላብ ነበር፤ ሴል ሲከፋፈል የሚታይበት። የማያውቅ ካለ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ከጉሊት የተገዛ ቀይ ሽንኩርት ታመጣለህ፣ ደርቆ የተንጠለጠለውን የድሮ ሥሩን ትልጣለህ፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ቂጡ ውሃውን ነካ ካደረገ በሁለት በሦስት ቀን ነጭ ሥር ያወጣል። ጫፉን ትቆርጣለህ፣ ሦስት እጅ አልኮል ከአንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ ውስጡ ታሳድረዋለህ። በማግስቱ በሞቀ አሲድ አለስልሰህ ቀለም ትነክረዋለህ፤ በስላይድና በከቨር ስሊፕ መካከል አድርገህ በአውራ ጣትህ ትጫነዋለህ። መስታወቱ ከተንሸራተተ አለቀልህ፣ እንደገና ነው። ያን አጫጫን ለመልመድ እኔ ራሴ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ብዙ ካየች በኋላ ጠራችኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ሽንኩርት አልሠራም።»

አየሁት። ሽንኩርቱ ግሩም ነበር። ብዙዎቹ ሴሎች ድቡልቡል፣ ደብዛዛ ሐምራዊ ኒውክሊየስ ያላቸው ናቸው። መሃል መሃል ላይ ብቻ አንድ ሁለት የሚከፋፈሉ አሉ። ልጅቷ የጠበቀችው ሃንድአውቱ ላይ እንዳለው አራቱ የክፍፍል ደረጃዎች፣ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ፣ ተሰልፈው እንዲጠብቋት ነው። «ፒማት» እያሉ የሚቸክሏት አራቷ ፊደል። በሥዕሉ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ እኩል ሳጥን ተሰጥቶታል። ሴሉ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዝግጅት ነው፤ ክፍፍሉ ራሱ አጭር ነው። ይህን የትኛውም ፈተና አይጠይቅም። ሽንኩርቱ ግን በአንድ እይታ ነግሯታል፤ እሷ ግን «አልሠራም» አለችው።

ስላይዱን ገፋ ገፋ አድርጌ አናፌዝ ላይ ያለ ሴል አገኘሁላት። ክሮሞዞሞቹ (የዘር መረጃ የሚሸከሙት ክር መሰል ነገሮች) ለሁለት ተከፍለው፣ ቡድኑ ወደዚህና ወደዚያ እየተጎተተ። «ምን እየጎተታቸው ነው?» አልኳት። «ስፒንድል ፋይበር» አለች ወዲያው፣ ሳታስብ። «ስፒንድል ምን ማለት ነው?» ዝም። «እንዝርት ታውቂያለሽ?» «እንዴ! አያቴ ሁሌ ትፈትላለች።» «እሱ ነው በቃ። ፈትል የሞላ እንዝርት መሃሉ ወፍሮ ሁለቱ ጫፎቹ አይቀጥኑም? የሴሉ ክሮችም ቅርጻቸው እንደዚያ ስለሆነ ነው ስሙ።» በእኛ ቀለም ክሮቹ ራሳቸው አይታዩም፤ የሚታየው የሚጎተተው ነው። ያንንም ነገርኳት። ተመልሳ አየች። ከዚያ ሳቀችና «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለችኝ።

ለምን እንዳልነገሯት አውቃለሁ። ሌክቸረሩ ሞጁሉን መጨረስ አለበት፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። አልፈርድበትም። ግን ይኼ የሴል ክፍፍል የሚጠራበት ሚቶሲስ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ክር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ቫልተር ፍሌሚንግ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1882 ያወጣው። ያየውን ነው የሰየመው። የእኛ ልጅ ስሙን ተቀብላ ያየውን ሳታይ ትመረቃለች። ሲፈተል ያደገች ልጅ!

በዚሁ ላብ ሌላም አለ። የዘር ውርስን በአተር ያጠናውን የመነኩሴውን የሜንዴልን 3 ለ 1 (ከአራት ሦስቱ አሸናፊውን ባሕርይ ያሳያሉ የሚለውን) ለማሳየት ቀይና ነጭ ቦሎቄ እኩል እኩል ቀላቅዬ በሁለት ከረጢት አደርጋለሁ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እያወጡ፣ እየመለሱ፣ 40 ጊዜ ይመዘግባሉ። ቀይ አሸናፊ ነው፤ ሁለቱም ነጭ ከሆኑ ብቻ «ነጭ» ይባላል። አንድ ግሩፕ 26 እና 14 አገኘ። ዞር ስል በላጲስ አጥፍተው 30 እና 10 አድርገውታል። «አስተካከልነው» አሉኝ በኩራት። ሜንዴል ራሱ በክብና በተሸበሸበ አተር ያገኘው 5,474 እና 1,850 ነው። ለጥ ያለ 3 ለ 1 ቢሆን 5,493 እና 1,831 መሆን ነበረበት። መነኩሴው ያላስተካከለውን የእኛ ልጆች ያስተካክላሉ።

ይህ የተማሪ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹም ወድቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ1923 ቴዎፊለስ ፔይንተር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የሰው ክሮሞዞም 48 ነው አለ። ተጻፈ፣ ተማሩት። ከዚያ በኋላ የቆጠሩ ሰዎችም 48 አገኙ። ስዊድን ውስጥ የፅንስ ጉበት ሴል ሲያጠኑ የነበሩ ባለሙያዎች ደግሞ 46 ብቻ እያገኙ ተቸገሩ። ምን አደረጉ? የጎደሉትን ሁለቱን ማግኘት አቃተን ብለው ሥራውን ለጊዜው ተዉት። ልክ እንደኔዋ ልጅ፣ «ይሄ አልሠራም» ብለው ማለት ነው። 46 መሆኑን ጆ ሂን ቺዮና አልበርት ሌቫን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከ30 ዓመት በላይ የሰው ልጅ የራሱን ክሮሞዞም ተሳስቶ ሲቆጥር ኖረ።

ሌቫን ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ምን ላይ ሲሠራ እንደቆየ ታውቃላችሁ? የሽንኩርት ሥር ላይ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ላብ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

በትክክል ከተቆጠረ በኋላ የመጣው ደግሞ ፈጣን ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች 47 ክሮሞዞም እንዳላቸው ተገኘ። 48 ነው ብሎ የሚያምን ሰው 47 ቢያይ አንድ ጎደለ ይል ነበር፤ ነገሩ ግን አንድ መትረፉ ነው።

የሽንኩርቱ 16 ነው፤ ለጀማሪ ዓይን የሚመች ወፋፍራም። የጤፍ 40፣ የእኛ ቡና 44። ቡና ከሰው በሁለት ብቻ እንደሚያንስ ስነግራቸው ልጆቹ ይንጫጫሉ። የፍሬ ዝንቧን 8 ግን ሁሉም በቃሉ ያውቃል፤ ሃንድአውቱ ላይ አለቻ።

አሁን «ማይክሮስኮፕ የለም፣ ኬሚካል የለም፣ ተማሪው ብዙ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ማይክሮስኮፕ ያንሳል፣ እውነት ነው፤ ካሉኝም ግማሾቹ ናቸው በደንብ የሚያሳዩት። ግን ያው ማይክሮስኮፕ በ1ኛው ሳምንትም በ14ኛውም አንድ ነው። ያሉትን በሚገባ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ላቡን ሴሚስተሩ መጨረሻ ላይ አለማጎር ነው። በየሳምንቱ አንድ ግሩፕ ቢገባ አራት አምስት ተማሪ አንድ ማይክሮስኮፕ ይደርሰዋል፤ አሁን አሥራ ምናምን ሆነው ተገፋፍተው አንዱ አይቶ ለሌላው ይተርካል። ኬሚካሉም ቢሆን የሚፈጀው ጠብታ ነው። ሽንኩርቱን እስከ ዛሬ በኪሴ ስገዛ ኖሬያለሁ፤ ወደፊትም አልጎዳም።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን የማርክ ነገር ነው። ላብ ሪፖርት ሲታረም ሥዕሉ ከሃንድአውቱ ጋር በተመሳሰለ መጠን ማርክ ይሰጣል። ስለዚህ ተማሪው የሚሻለውን ያውቃል፤ ይገለብጣል። ያየውን የሣለ፣ «ከሃምሳ ሴል አራት ብቻ ሲከፋፈሉ አየሁ» ብሎ የጻፈ፣ 26 እና 14ን እንዳለ ያስቀመጠ ልጅ ሙሉ ማርክ ይሰጠው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮርሱን የሚያስተባብሩት ሰዎች አንድ ስብሰባ ተቀምጠው የሚወስኑት ነው።

ያቺ ልጅ ያን ቀን ከወጣች በኋላ ተመልሳ መጣች። ሪፖርቷን አስገብታ ነበርና መልሱልኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ከሃንድአውቱ የገለበጠችውን ሜታፌዝ ቀዳ ጣለችውና ማይክሮስኮፑ ጋ ቁጭ አለች። መብራቱን እንዳጠፋ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። አላጠፋሁም። የሣለችው አናፌዝ ጠማማ ነው፣ አንደኛው ወገን ከሌላው ይበዛል፣ ከጎኑ የአየር አረፋም ሣላለች። ከአሥር ስድስት ተሰጣት።

ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ይቆይልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን